ቅናሽ ለመስጠት ሰውን «ማስረጃ አለዎት?» ማለት ግድ ነው?

የመስኮቷ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አንድ የማኅበረሰብ የባህል አዳራሽ ውስጥ በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ትኬት እቆርጣለሁ። አዳራሹ 140 ወንበር አለው። አንዱን ሳምንት ሙዚቃ ይኖራል፣ ሌላውን ቴአትር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የልጆች ትርዒት። ወንበሮቹ አርጅተዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው አንዱማ ሰው ሲቀመጥበት ስለሚጮህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምሸጠው።

ባለፉት ሁለት ወራት በየማታው በአማካይ 57 ሰው ነው የገባው። ከግማሽ በታች ነው። መብራት ጨምሯል። የድምፅ መሣሪያ ኪራይም ጨምሯል። ኮሚቴው ተሰበሰበና አንዱ «የመግቢያውን ዋጋ ሩብ ያህል እንጨምር» አለ። ሌላዋ «ኧረ እንደውም ነፃ እናድርገው፤ የማኅበረሰብ ቤት አይደል እንዴ?» አለች። ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀው ሳይስማሙ ተበተኑ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ ይዘሽ ነይ የተባልኩት እኔ ነኝ። ለምን እኔ? መስኮቱ ላይ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ።

እውነቱን ለመናገር እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ጭማሪው አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ የሆነው ነው።

ቅናሽ አለን። «ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ግማሽ ዋጋ» የሚል ትንሽ ወረቀት መስኮቱ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ግን ማስረጃ ይጠየቃል። በሁለት ወር ውስጥ የተጠቀመበት አራት ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። ትልቋ ቢበዛ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እናትየዋ ወረቀቷን አነበበቻት። ከዚያ ጎንበስ አለችና፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ መሰለኝ፣ «ይሄ ለእኛ ይሆናል?» አለችኝ። እኔም እንደተነገረኝ «ማስረጃ ይዘዋል?» አልኳት። በመስታወት ውስጥ ስለማወራ ጮክ ማለት ለምዶብኛል። ከኋላዋ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ሰማ። ፊቷ ልውጥ አለ። «አይ፣ ይቅር፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» ብላ ልጆቹን እየጎተተች ወጣች። ትንሹ «ለምን?» ሲላት ይሰማኛል።

ትርዒቱ ሲጀመር ገብቼ ወንበር ቆጠርኩ። 79 ባዶ ወንበር።

እና ምን ይሻላል? እንጨምር? እንቀንስ? ነፃ እናድርገው? ወይስ «የቻላችሁትን ክፈሉ» እንበል? የሞከረ ሰው ይንገረኝ። የከሰረም ቢሆን ይንገረኝ፤ እንደውም እሱ ይሻላል።


ሒሳብ ወዳድ፦

የእናትየዋ ነገር ያሳዝናል። ግን ኮሚቴ ፊት የምትቀርቢው ይዘሽው በምትሄጂው ቁጥር ስለሆነ በእሱ ልጀምር።

መደበኛውን ትኬት 100 እንበለው። ገንዘቡ ምንም ይሁን። 57 ሰው ሲገባ 5,700 ነው። ዋጋው 125 ሲሆን ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት 46 ሰው ይበቃል። ስለዚህ ከ57ቱ 12 ሰው «በዛብኝ» ብሎ ከቀረ ጭማሪው ገደል ገባ ማለት ነው፤ 45 ሰው በ125 ሲሆን 5,625 ነው። ከበፊቱም ያንሳል። አዳራሹ ደግሞ የባሰ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መጫወት የሚወድ ተዋናይ አላውቅም።

በተቃራኒው ዋጋውን ወደ 75 ብታወርዱት 5,700 ለማግኘት 76 ሰው ያስፈልጋል። 19 ሰው ጭማሪ። እናንተ ጋ ባዶው ወንበር ከሰማንያ በላይ ነው። 58ኛው ሰው ሲገባ እናንተን ምን ያስወጣችኋል? ምንም። አምፖሉ ለ57 ሰውም ለ140 ሰውም ያው ነው የሚበራው። ድምፅ መሣሪያውም እንደዚያው።

ግን ተጠንቀቂ። ዋጋ ስለቀነሰ ብቻ ሰው አይጎርፍም። ዋጋው መቀነሱን ያልሰማ ሰው ለእሱ ምንም አልተቀነሰለትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለኮሚቴው ንገሪልኝ። ትኬት ብቻውን እንዲህ ያለ ቤት አያኖርም። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 በደንብ አስረድተውታል። ፋብሪካ በማሽን ምክንያት በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ዕቃ በየጊዜው ይጨምራል። ለአራት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም አራት ሰው ነበር የሚጫወተው፣ ዛሬም አራት ነው። ማፍጠን አይቻልም። የአራቱ ኑሮ ግን እንደ ፋብሪካው ሠራተኛ ኑሮ ይወደዳል። ስለዚህ ወጪው ከገቢው እየቀደመ ይሄዳል፤ የማንም ስንፍና አይደለም። ያንን ክፍተት በቅዳሜ ትኬት ለመድፈን አትሞክሩ። አዳራሹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ይሠራል? ተቆልፎ ነው የሚውለው አይደል? እሱን አከራዩት።


በሩ ይከፈት፦

ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? ነፃ አድርጉትና ጨርሱ። እንግሊዝ ውስጥ ብሔራዊ ሙዚየሞች እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2001 ጀምሮ መግቢያ ሲያስቀሩ ጎብኚው እንዴት እንደጨመረ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሰው የማይገባው በሩ ላይ ሒሳብ ስለሚጠየቅ ነው። በሩ ላይ ሣጥን አስቀምጡ፤ የፈለገ ይጣል።


ሁለቴ የከሰረ፦

«በሩ ይከፈት» ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ ነው። እኔም እንዳንተ ነበርኩ።

ሙዚየምና ቴአትር ግን ይለያያሉ። ሙዚየም ጠዋትም ገብተህ ከሰዓትም መውጣት ትችላለህ፤ ሥዕሉ የትም አይሄድም። ቴአትር አንድ ሰዓት አለው፣ የተቆጠረ ወንበር አለው። ሰዓቱ ካለፈ ያ ወንበር ሞተ።

እኛ ጋ 90 ወንበር ነበር። «መግቢያ በነፃ፤ ቦታ ግን አስቀድማችሁ ያዙ» አልን። በሦስት ቀን ውስጥ 90ው አለቀ። ከዚያ በኋላ የደወሉትን ሠላሳ ምናምን ሰዎች «ሞልቷል» ብለን መለስን። ደስታችን! በዕለቱ ትንሽ ካፊያ ጣለ። የመጣው 41 ሰው ነው። ስንት ሰው መልሰን ግማሽ ባዶ አዳራሽ ይዘን ቀረን። አልመጣችሁም ብለህ ማንን ትከሳለህ? ምንም አልከፈሉም፤ ቢቀሩም ምንም አልከሰሩም።

በኋላ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ ቦታ የያዘ ሰው ትርዒቱ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ካልመጣ ወንበሩ በር ላይ ለቆመው ይሰጣል። ይሄንን ሲመዘገቡ እንነግራቸዋለን። ሁለተኛ፣ ትንሽም ብትሆን ማስከፈል ጀመርን። ገንዘቧ ምንም አትፈይድም፤ ሰውየው ግን ካፊያ ቢጥልም ይመጣል።

ሌላም አለ። ነፃ የሆነ ነገር ዋጋው የሚከፈለው በጊዜ ነው። ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ዴላኮርት የሚባል የአየር ላይ ቴአትር አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተ ነው፤ የሼክስፒርን ሥራዎች በነፃ ያሳያሉ። ግሩም ነገር ነው። ግን ትኬቱን ለማግኘት ሰው ገና ጎህ ሲቀድ ይሰለፋል። ታዲያ በሰዓት የምትከፈል የቀን ሠራተኛ እንዴት ብላ ግማሽ ቀን ትሰለፍ? ለሌላ ሰው እየተሰለፉ ገንዘብ የሚቀበሉም ተፈጠሩ። ነፃው ትኬት ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ያለው ሰው እጅ ገባ።


የመስኮቷ ልጅ፦

«ሁለቴ የከሰረ»፣ ስምህ ሁለቴ ይላል፤ አንዱን ነው የነገርከን። ሁለተኛውስ?


ሁለቴ የከሰረ፦

ሁለተኛው «የቻላችሁትን ክፈሉ» ነው። በግልጽ ሣጥን። ሁሉም እያየ። አንድ አባት ልጁን ይዞ ሣጥኑ ፊት ቆሞ «ስንት ነው የሚባለው? ሰው ስንት ይጥላል?» እያለ ሲጨነቅ አየሁት። ላብ አጠመቀው። እኔም መልስ የለኝም፤ «ደስ ያለዎትን» አልኩት። ደስ ያለውማ ቢያውቀው አይጠይቀኝም ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።


አሮጌ ትኬት ቆራጭ፦

ልጄ፣ 19 ዓመት በመስኮት ውስጥ ተቀምጬ ሰው አይቻለሁ። ሦስት የተለያዩ አዳራሾች ውስጥ። አንቺ የነገርሽንን እናት እኔም ብዙ ጊዜ ሸኝቻታለሁ፤ መልኳ እየተለያየ። ስለዚህ ትንሽ ልናገር።

መጀመሪያ፣ ይሄ ጭቅጭቅ አዲስ እንዳይመስልሽ። በጥንታዊቷ አቴንስ የቴአትር መግቢያ ሁለት ኦቦል፣ ማለትም ሁለት ትንንሽ ሳንቲም ነበር። ቴዎሪኮን የሚባል የመንግሥት ገንዘብ ተመድቦ ለዜጎች መግቢያቸው ይሰጣቸው ነበር። ያን ጊዜም ይሄ ገንዘብ ለጦርነት ይዋል ወይስ ለቴአትር ተብሎ ተናንቀውበታል። በሼክስፒር ዘመን ለንደን ውስጥ ደግሞ በአንድ ፔኒ ቆሞ ማየት ይቻል ነበር። እንደገና የተሠራው የሼክስፒር ግሎብ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ይህንኑ መለሰው፤ 700 ያህል የቁም ቦታ፣ ለብዙ ዓመታት በ5 ፓውንድ። እዚያው ለንደን እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረው ፕሮምስ የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫልም እንዲሁ ነው።

አሁን ልብ በይ። በሁለቱም ቦታ ርካሹ ትኬት የት ነው የሚያቆምሽ? ከመድረኩ አፍንጫ ሥር። ሙዚቀኛው ሲተነፍስ የሚሰማው እዚያ ነው። ብዙ የከፈለው ኋላ ተቀምጦ የእነሱን አናት ያያል። ስለዚህ ማንም በርካሹ ትኬት አያፍርም፤ ይኮራበታል እንጂ። እኛስ? ቅናሹን የምንሰጠው ምሰሶ የሚጋርደው ወንበር ላይ ነው።

የእኔን ጥፋት ልንገርሽ። በመጀመሪያው አዳራሽ የቅናሽ ትኬታችን ቢጫ ነበር። ሙሉው ነጭ። ማን እንደወሰነው አላስታውስም፤ ለሒሳብ እንዲያመች ነው የተባለው። በር ላይ ትኬት የሚቀደው ልጅ በአንድ እጁ ነጩን፣ በሌላው ቢጫውን ይይዛል። አንድ ማታ አንዲት ኮረዳ ቢጫውን በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ደብቃ ስትሰጠው አየሁ። ወረቀቱ በላብ ረጥቦ ቁጥሩ አይነበብም። ልጁም አላወቀም፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያይላት ጀመር! ቢጫውን ትኬት በመብራት! ጓደኞቿ ከኋላዋ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ማተሚያ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነጭ አስደረግሁ። ለሒሳቡ የቁጥሩን ፊደል ለየን፤ እሱን የሚያውቀው እኔና ገንዘብ ያዡ ብቻ ነን። ከዚያ በኋላ የቅናሹ ተጠቃሚ ጨመረ። ዋጋው ግን አልተነካም። ወረቀት ብቻ ነው የቀየርነው።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምትዪው ይሄ ነው። ማስረጃ መጠየቅ ይቅር። ጨርሶ። ሦስት ዋጋ አድርጉ፤ 50፣ 100፣ 150። ሦስቱንም በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ እኩል አድርጋችሁ ጻፉ። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት ቅደጃት። ሰው ተራው ሳይደርስ፣ ገና ሰልፍ ላይ ሆኖ ማንበብና በልቡ መወሰን አለበት። መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ባለ 50 ሦስት» ብሎ ማለፍ ነው። አንቺም «የትኛውን ላድርግልዎ?» ትያለሽ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። ቅንድብሽም እንዳይነሳ።

ስም ከሰጣችኋቸው ደግሞ ተጠንቀቁ። እኛ አንድ ጊዜ ዝቅተኛውን «ለችግረኞች» አልነው። በአራት ሳምንት አንድም ሰው አልነካውም። «ችግረኛ ነኝ» ብሎ ትኬት የሚገዛ ማን አለ? በኋላ «ቀለል ያለ»፣ «መደበኛ»፣ «ደገፍ ያለ» አልናቸው። አብዛኛው ሰው መካከለኛውን ይወስዳል። ሦስት ዋጋ ሲያይ መሃሉን የሚወድ ሰው ብዙ ነው።

ሌላ ያበላሸሁት ደግሞ ልጨምር። ከፍተኛውን ለሚከፍሉ ምስጋና ብለን ስማቸውን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርን። ደግ የሠራን መስሎን። ግን ስሙ የሌለው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ታወቀ። ሰው ሰሌዳው ጋ ቆሞ ያነባል፣ ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ያያል። አወረድነው።


ጠርጣራው፦

ሁሉም ጥሩ። ግን ጋሼ፣ ደህና መኪና አቁሞ የገባ ሰው «ባለ 50» ሲልዎት አያበሽቅም? ደግ ነን ስንል ሞኝ እንዳንሆን።


አሮጌ ትኬት ቆራጭ፦

በሽቄያለሁ እንጂ! አንድ ሰውዬ ነበር። ጥሩ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ። ዓመቱን ሙሉ ዝቅተኛውን። ሁልጊዜ ደግሞ በዝርዝር ነው የሚከፍለው፤ ሳንቲሙን አንድ በአንድ ይደረድርልኛል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅሁትምም።

እሱን ለመያዝ ብዬ ማስረጃ ብጠይቅ ግን ኮቱን ሳይሆን እናትየዋን ነው የማባርረው። እሱማ ማስረጃ ፈልጎ ያመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀት አያጣም።


ሒሳብ ወዳድ፦

ለ«ጠርጣራው» አንድ ነገር። ሰው ሲተማመኑበት ምን ያህል ይከፍላል የሚለውን የለካው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኡሪ ግኒዚ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ የሞከሩትን አሳትመዋል። ከ113 ሺህ በላይ ሰው ነው የታየው። ሰው መጫወቻው ላይ ሆኖ እየጮኸ ፎቶ ይነሳል፤ ሲወርድ ፎቶውን ይሸጡለታል። «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ሲባል በመደበኛው ዋጋ ጊዜ ከገዛው ብዙ እጥፍ ሰው ገዛ፤ የከፈለው ግን በአማካይ 1 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ ጠርጣራው አልተሳሳተም። «ግማሹ ለበጎ አድራጎት ነው» ሲባል ግን አማካዩ ከ5 ዶላር አለፈ። የገዢው ቁጥር ግን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ትንሽ ሰጥቶ መታየቱን የጠላ ሰው ጨርሶ ይተወዋል ማለት ነው።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ጻፉ፤ በአጭሩ፣ «የአንድ ሰው ወንበር ይሄን ያህል ያስወጣናል» ብላችሁ። ግን ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፤ ሰውን በደግነቱ አታስጨንቁት፤ ያኔ ከነጭራሹ ይቀራል።


ሳቅ በቁጥር፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ? ባርሴሎና ውስጥ ቴአትሬኔው የሚባል የኮሜዲ ቤት አለ። በስፔን የቴአትር ትኬት ላይ የነበረው ግብር እ.ኤ.አ. በ2012 ከ8 ወደ 21 በመቶ አደገና ተመልካች ሸሸ። ታዲያ በ2014 ምን አደረጉ? መግቢያውን ነፃ አድርገው እያንዳንዱ ወንበር ጀርባ ላይ ፊት የሚያነብ ታብሌት ገጠሙ። አንድ ፈገግታ 30 ሳንቲም ዩሮ! ከ24 ዩሮ በላይ ግን አይከፈልም፤ ከ80ኛው ሳቅ በኋላ በነፃ ትስቃለህ።

እኔ ብሆን ጥርሴን ነክሼ ነበር የምመለከተው። ለሐዘን ቴአትር እንዴት ሊያስከፍሉ ነበር? በእንባ ጠብታ?


የመስኮቷ ልጅ፦

ሃሃ፣ ይሄንን ለኮሚቴው አላቀርብም። ይወስዱታል።

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የቢጫውን ትኬት ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ። ቀለል ያለውን ለሚወስዱት ቦታ ትለዩ ነበር? እኛ ጋ የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ለቅናሽ ናቸው።


አሮጌ ትኬት ቆራጭ፦

በፍጹም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጥ። ያንቺን የሚጮኸውን ወንበር ደግሞ ወይ ዘይት ቀቢው ወይ አንሺው። እሱን የሚያህል ቅናሽ አልሰማሁም።


የመስኮቷ ልጅ፦

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ። እንደጠፋሁ አትቁጠሩት።

ኮሚቴው ሦስት ቅዳሜ እንሞክረው አለ። የሩብ ጭማሪ ሐሳብ ያመጣው ሰውዬ የ12ቱን ሰው ሒሳብ ሳሳየው ዝም አለ፤ ወረቀቱን ወስዶ ራሱ ደግሞ አሰላው። ነፃ ይሁን ያለችዋ የካፊያውን ታሪክ ስትሰማ ሳቀች፤ ግን አሁንም ነፃ ይሻላል ባይ ናት።

ሰሌዳውን ራሴ ጻፍኩት። ሦስቱንም እኩል። መጀመሪያ ስጽፈው ሳላውቀው መካከለኛውን ደመቅ አድርጌው ኖሯል፤ አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። መስታወቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ አናጺ መጥቶ ሰፋ አደረገልን። አሁን በሹክሹክታም ቢያወሩኝ ይሰማኛል። በእኔ ግምት ከሰሌዳው ይልቅ እሱ ሳይጠቅም አልቀረም።

ቁጥሩ ይኸው፣ ለሒሳብ ወዳድ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ 68 ሰው ገባ። 24 ቀለል ያለ፣ 35 መደበኛ፣ 9 ደገፍ ያለ። 6,050።

ሁለተኛው 64 ሰው። 31፣ 28 እና 5። 5,100። ከድሮው ያነሰ! ያን ማታ ገንዘብ ያዣችን በዓይኗ ገረፈችኝ።

ሦስተኛው የልጆች ትርዒት ነበር፤ 81 ሰው። 30፣ 42 እና 9። 7,050።

በሦስቱ ማታ 18,200 ገባ። በድሮው 17,100 ነበር የምናገኘው። የጨመርነው 11 ሙሉ ትኬት ነው፤ ሀብታም አልሆንም። ግን በሁለት ወር አራት ሰው ብቻ ይጠቀምበት የነበረውን ግማሽ ዋጋ በሦስት ማታ 85 ሰው ወሰደው። መቼም ሁሉም ከሰማይ አልወረዱም፤ ከእነሱ ውስጥ ድሮ 100 የሚከፍሉ እንዳሉ ይገባኛል። ሁለቱን በመልክ አውቃቸዋለሁ። ቅንድቤን አላነሳሁም፤ ሳል እንደያዘኝ ሆኜ ዞር አልኩ እንጂ።

እናትየዋ እስካሁን አልመጣችም። ወይም መጥታ አላወቅኳት ይሆናል። መስኮት ላይ የሚታየኝ እጅ ነው።

አሁን ያልጠበቅነው አዲስ ነገር መጣ። ደገፍ ያለውን የሚከፍሉ አንድ አዛውንት አሉ። ሦስቱንም ቅዳሜ መጥተዋል። ባለፈው «ብዙ ለምከፍል ሰው እንዴት የፊት ወንበር አይያዝልኝም?» አሉኝ። ልክ ናቸው? ምን ልበላቸው? ሰውየውን ማጣት አልፈልግም፤ ደግሞም ትሁት ሰው ናቸው።


ጠርጣራው፦

ያዢላቸው! 150 ከፍለው ከኋላ ይቀመጡ?


አሮጌ ትኬት ቆራጭ፦

እንዳትይዢላቸው። ዛሬ ለእሳቸው ከያዝሽ በሚቀጥለው ወር ሦስት ሰው ይጠይቅሻል፤ የፊቱ ረድፍ የባለ 150 ሆኖ ያርፋል። ያኔ ቢጫው ትኬት በሌላ ቀለም ተመለሰ።

«አባባ፣ በሩ ትርዒቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይከፈታል፤ ቀደም ብለው ይምጡ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ፣ አብረን እናወራለን» በያቸው። በዚያ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ወንበሩ ብቻ አይደለም። እኔ አሁን 71 ዓመቴ ነው፤ አውቀዋለሁ።

የሚጮኸውን ወንበር ግን ምን አደረግሽው?


የመስኮቷ ልጅ፦

ዘይት ቀባሁት ጋሼ። አሁን የሚጮኸው ሲነሱበት ነው።